ቃኘው ወይስ መቻል? የንቁ ፈረስና የረጋ ፈረስ ፊዚክስ

ፈረስ የሚያውቁ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን፣ «ፈረስ ማለት ጆሮው የማያርፍ፣ ገና ልጓሙ ሳይነካ የጋላቢውን ሐሳብ የሚያውቅ፣ እሳት የላሰ ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «የለም፤ ፈረስ ማለት ጡሩምባ ቢነፋ፣ ፌስታል ቢበር፣ ውሻ ቢጮኽ እርምጃውን የማያዛንፍ፣ ሕፃን ቢያስቀምጡበት የሚታመን ነው» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ለሰሚው የምርጫ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። የፊዚክስ ተማሪ ግን ጠጋ ብሎ ቢመረምረው፣ በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ዘወትር የሚገጥመው ጥያቄ ሆኖ ያገኘዋል። ይኸውም «ስሱ መሣሪያ ይሻላል ወይስ የረጋ?» የሚለው ነው።

ጉዳዩ ከጨዋታ ያለፈ ነው። ፈረስ መርጦ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የራሱንና የተሳፋሪውን ደኅንነት ጭምር ለምርጫው አሳልፎ ይሰጣል። ፈረሱም በበኩሉ አንድ ጊዜ «ደንባራ» የሚል ስም ከወጣለት፣ ዕጣው ብዙውን ጊዜ ጅራፍ ነው። ስለዚህ «ንቁ» እና «የረጋ» ስንል በትክክል ምን ማለታችን እንደሆነ መለየት ለሰውም ለእንስሳውም ይበጃል።

ሁለት የፈረስ ስሞች

በአገራችን ታሪክ የጦር መሪ በፈረሱ ስም ሲጠራ መኖሩ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ይህ ልማድ ካተረፈልን ስሞች መካከል ሁለቱ ለዛሬው ጥያቄያችን ታስበው የወጡ ይመስላሉ።

የመጀመሪያው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። የሐረርጌ ገዥ የነበሩትና በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው በቁልቢ ያረፉት ራስ መኰንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። «መቃኘት» በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ አገር መሰለል፣ አካባቢን ማየት ነው፤ ሌላው የክራርን ጅማት በልኩ ማጥበቅ ነው። ሁለቱም ጥቃቅን ልዩነትን መለየትን ይጠይቃሉ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ቃኘው የተባለው በዚሁ ስም ነው። እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ በአስመራ የነበረው የአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያም «ቃኘው ጣቢያ» ይባል ነበር። የሩቅ ሞገድ ሲያዳምጥ የኖረ ጣቢያ በፈረስ ስም መጠራቱ ለፊዚክስ ሰው ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የፈረስ ስም፣ አባ መቻል ነው። «መቻል» ኃይል ማለት ነው፤ መታገሥና መሸከም ማለትም ነው። ስሞቹን እዚህ የምንዋሳቸው ለሁለቱ ዓይነት ጠባይ መጠሪያ እንዲሆኑን ብቻ ነው፤ ንቁውን ፈረስ ቃኘው፣ የረጋውን መቻል እንበላቸው።

የሽንኩርትና የወርቅ ሚዛን

ወደ ፈረሱ ከመሄዳችን በፊት ለጥቂት ጊዜ በቀፊራ ገበያ እንቁም። በገበያ ላይ ሽንኩርት የሚመዘንበት ባለ ሁለት ሳህን ሚዛንና የወርቅ አንጥረኛ የሚጠቀምበት ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን በመርሕ አንድ ናቸው። ይሁን እንጂ የሽንኩርቱን ሚዛን ሰው ቢገፋው፣ ነፋስ ቢመታው ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። የወርቁ ሚዛን ግን የመዛኙ ትንፋሽ ያናውጠዋል፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥረው አንድ ርቀት ነው። የሚዛኑ ዘንግ ከተንጠለጠለበት ነጥብ አንሥቶ ከሥሩ እስካለው የስበት ማዕከል ድረስ ያለውን ርቀት «ሀ» ብለን እንሰይመው። «ሀ» ትልቅ ሲሆን፣ ዘንጉ ሲያዘነብል የመሬት ስበት በብርቱ ይመልሰዋል፤ ሚዛኑ የረጋ ይሆናል። ነገር ግን በሁለቱ ሳህኖች መካከል ያለ ትንሽ የክብደት ልዩነት ይህን መላሽ ኃይል ማሸነፍ ስለማይችል ዘንጉ እምብዛም አያዘነብልም። «ሀ»ን በግማሽ ብንቀንሰው፣ ያው የክብደት ልዩነት እጥፍ ያህል ያዘነብለዋል። በሌላ አነጋገር ስሱነትና ርጋታ ሁለት የተለያዩ ባሕርያት አይደሉም፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ከአንዱ የጨመርነውን ያህል ከሌላው እናጣለን።

ዋጋው በዚህ ብቻ አያበቃም። «ሀ» ወደ አንድ አራተኛ ቢቀንስ ስሱነቱ 4 እጥፍ ያድጋል፤ ነገር ግን ዘንጉ አንድ ጊዜ ተወዛውዞ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜም እጥፍ ይሆናል። ስሱ ሚዛን ብዙ ይወዛወዛል፤ ቆይቶም ያርፋል። «ሀ» ዜሮ ሲሆን ሚዛኑ በየትኛውም ቦታ ይቆማል፤ የስበት ማዕከሉ ከተንጠለጠለበት ነጥብ በላይ ከወጣ ደግሞ ይገለበጣል።

እስከዚህ ድረስ ያየነው የክርክሩን ሁለት ወገኖች እውነተኞች ያደርጋቸዋል። ቃኘውን የፈለገ ውዝዋዜውን አብሮ ይገዛል፤ መቻልን የፈለገ ድንዛዜውን አብሮ ይገዛል። ነገር ግን ሚዛኑ ገና የሚነግረን ነገር አለው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ፈረስ እንደ መለኪያ መሣሪያ

ፈረስ በተፈጥሮው የወርቅ ሚዛን ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ በመሆናቸው ከግንባሩ ፊትና ከጀርባው ካለች ጠባብ ቦታ በቀር ወደ 350 ዲግሪ የሚጠጋ ዙሪያውን ያያል። ጆሮው ከ55 ኸርዝ እስከ 33,500 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይሰማል፤ የሰው ጆሮ ከ20,000 ኸርዝ በላይ አይሰማም። እኛ ጸጥታ ነው ባልንበት ሰዓት ፈረሱ የሚሰማው ነገር ሊኖር ይችላል። ቆዳው ደግሞ ዝንብ ስታርፍበት ያንኑ ቦታ ለይቶ ያርገፈግፋል።

የዚህ ስሱነት ጥግ የታየው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በበርሊን ነበር። ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባለ መምህር ሃንስ የተባለውን ፈረሱን ሒሳብ እንዳስተማረ ያምን ነበር፤ ፈረሱም መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቆጥር ነበር። ኦስካር ፕፉንግስት ባካሄደውና በ1907 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ምርመራ፣ ሃንስ ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ወይም ጠያቂው በማይታይበት ጊዜ እንደሚሳሳት ታወቀ። ፈረሱ ያነብ የነበረው ቁጥሩ ትክክለኛው ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው የሚያደርገውን እጅግ ጥቃቅን የራስ እንቅስቃሴ ነበር። ሃንስ ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን በዙሪያው ያሉ ሰዎች ሁሉ ያላዩትን ለክቶ ነበር።

መደንበር ስሕተት ነውን?

እንዲህ ያለ ስሱ መሣሪያ ለምን አስፈለገው? መልሱ በስሕተቶች ዋጋ ላይ ነው። ሣር የሚግጥ ፈረስ ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። ነፋስ ሆኖ ሳለ ጅብ ነው ብሎ ሊሸሽ ይችላል፤ ወይም ጅብ ሆኖ ሳለ ነፋስ ነው ብሎ ሊቆም ይችላል። የመጀመሪያው ስሕተት ጥቂት ጉልበት ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ሕይወት።

ለምሳሌ ያህል የከንቱ ሽሽት ዋጋ 1፣ የመበላት ዋጋ ደግሞ 1,000 ነው እንበል። ቀላል ስሌት እንደሚያሳየው፣ ድምፁ የጅብ የመሆን ዕድሉ ከ1,001 አንድ በበለጠ ቁጥር መሸሽ ያዋጣል። ይህ ማለት ፈረሱ ከ1,000 ሽሽቶቹ 999ኙ ከንቱ ቢሆኑም እንኳ ስሌቱ ልክ ነው ማለት ነው። ይህን አስተሳሰብ ሐኪሙ ራንዶልፍ ነሲ «የጢስ ጠቋሚ መርሕ» ብሎታል፤ ዳቦ ባረረ ቁጥር የሚጮኽ የእሳት ማስጠንቀቂያ ቢያሰለችም፣ ቤት ሲቃጠል ዝም ከሚል ይሻላል። ስለሆነም መደንበር የአእምሮ ጉድለት አይደለም፤ በጥንቃቄ የተሠራ ስሌት ውጤት ነው።

ይህን ለመገመት ሩቅ አንሄድም። ከሐረር በስተምሥራቅ በጉርሱም በኩል በሚገኘው፣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የቁንዱዶ ተራራ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ሲኖሩ ቆይተዋል። የአገራችን ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ፈረሶች በ8 ወገን ሲከፍሉ የቁንዱዶን ፈረስ ራሱን ችሎ መድበውታል። ቁጥራቸው እጅግ የተመናመነው እነዚህ ፈረሶች በረት፣ ጠባቂና መኖ ሳይኖራቸው ለመኖር ያስቻላቸው አንዱ ነገር ይህ ቶሎ የመሸሽ ስሌት መሆኑን መገመት አያዳግትም።

አሁን ያንኑ ፈረስ አምጥተን በባጃጅ መካከል ጋሪ እንዲጎትት እናድርገው። የስሕተቶቹ ዋጋ ተገለበጠ። በአስፋልት ላይ ጅብ የለም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ መቆም ምንም አያስከፍልም። መሸሽ ግን ጋሪውን ይገለብጣል፣ እግረኛ ይጎዳል። ፈረሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የዋጋ ዝርዝሩ ነው። የጋሪ ነጂዎች በፈረሱ ዓይን ግራና ቀኝ የሚያስሩት መከለያም ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥበብ ነው፤ መሣሪያውን ሳይሰብሩ የሚገባበትን ረብሻ የሚቀንስ ማጣሪያ ነው።

ደንባራ በቅሎ፣ ቃጭል ተጨምሮ

አበው «ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት» ይላሉ። ተረቱ የፊዚክስና የምህንድስና ሰዎች «አባባሽ ግብረ መልስ» የሚሉትን ነገር ከመጽሐፍ በተሻለ ይገልጸዋል። በቅሎዋ ስትደነብር ቃጭሉ ይጮኻል፤ ቃጭሉ ሲጮኽ ትደነብራለች፤ ስትደነብር ደግሞ ቃጭሉ ከፊተኛው አብልጦ ይጮኻል። የውጤቱ ጫፍ ተመልሶ የመነሻው ምክንያት ሆነ። ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚሰማው ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ቃጭሉ ጋላቢው ራሱ ነው። በስዊድን የተሠራና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሰዎች ፈረስ እየጋለቡ ወይም እየሳቡ በአንድ መንገድ ላይ ደጋግመው እንዲመላለሱ ተደረገ። ከመጨረሻው ዙር በፊት፣ «አሁን ስታልፉ ጃንጥላ ድንገት ይዘረጋል» ተባሉ። ጃንጥላው አልተዘረጋም። ሆኖም የሰዎቹ የልብ ምት ጨመረ፤ ስለ ጃንጥላው ምንም ያልተነገራቸው የፈረሶቹም የልብ ምት አብሮ ጨመረ። ስሱው መሣሪያ የጌታውን ፍርሃት ለካ።

በዚህ ላይ የመዘግየት ችግር አለ። የሰው ልጅ ያየውን ነገር በእጁ ለመመለስ 0.2 ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚጋልብ ፈረስ በዚያ ጊዜ ውስጥ 2 ሜትር ይሄዳል። ጋላቢው ልጓሙን የሚስበው ካለፈ ነገር ጋር ሲታገል ነው፤ ማረሚያው ሲደርስ ፈረሱ ቀድሞ ሌላ ሁኔታ ውስጥ ገብቷል። ስሱነት ከዘገየ ማረሚያ ጋር ሲገናኝ ውዝዋዜን ይወልዳል። በ1974 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የኤፍ 16 ተዋጊ አውሮፕላን ቶሎ እንዲታጠፍ ሲባል ሆን ተብሎ ርጋታው ተቀንሶ የተሠራ ነው፤ በአየር ላይ የሚያቆየው ያለማቋረጥ የሚያርመው ኮምፒዩተር ነው። ያን ያህል ንቁ ፈረስ ያን ያህል ፈጣን ጋላቢ ይፈልጋል። ጀማሪ ጋላቢን በቃኘው ላይ ማስቀመጥ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ እንደ መብረር ነው።

የአባቶች ሥርዓት

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? አባቶቻችን ለዚህ የሰጡት መልስ አንዱን መጣል አልነበረም። በዱሮው ዘመን የአገራችን መኳንንት ለዘመቻ ሲወጡ ረጅሙን መንገድ የሚጓዙት በበቅሎ ነበር፤ የጦር ፈረሱ ሳይጫን በአሽከር እየተሳበ ይከተላል። ፈረሱ የሚቀመጠው ለውጊያው ቀን ነው። ገደልና ድንጋይ ባለበት መንገድ የምትታመነው በቅሎ፣ ፈጣን መልስ በሚያስፈልግበት ሜዳ ደግሞ ፈረሱ ተራውን ያገኛል። በቅሎ ከፈረስ እናቷ ቁመትና ጉልበት፣ ከአህያ አባቷ ጥንቃቄ ወርሳለች። አህያ ሲፈራ እንደ ፈረስ ወዲያው አይሸሽም፤ ቆሞ ነገሩን ይመረምራል። ሰው ይህን «ግትርነት» ብሎ ይደበድበዋል እንጂ ነገሩ ሌላ ዓይነት ስሌት ነው።

የከተማችን አመሠራረትም ይህንኑ ያስተምራል። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከባሕሩ ጠረፍ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ በረሃውን በግመል አቋርጦ በጊልዴሳ ጭነቱን ያራግፍ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሐረር ያለውን አቀበት የሚወጣው በበቅሎና በአህያ ነው። ባቡሩም በተራው 1,850 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ሐረር የሚያደርሰው ዳገት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሜዳ ቆመ፤ ድሬዳዋም ተወለደች። እንስሳውም ሆነ ሞተሩ የሚመዘነው በሚሄድበት መንገድ ነው። «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «ለየትኛው መንገድ፣ ከየትኛው ጋላቢ ጋር፣ በየትኛው ስሕተት ዋጋ?» ካልተባለ ጎዶሎ ነው።

ሦስት ዓይነት ርጋታ

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። የማይወዛወዝ ሚዛን ስናይ ዝምታው ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ሊመጣ ይችላል።

አንደኛው ከላይ ያየነው ነው፤ «ሀ» ትልቅ ስለሆነ ሚዛኑ ትንሽ ነገር አይሰማውም። ይህ በተፈጥሮው ጭምት የሆነ ፈረስ ነው፤ ለብዙ ሥራ ይበቃል።

ሁለተኛው የዛገ ሚዛን ነው። ዘንጉ በተንጠለጠለበት ነጥብ ላይ ሰበቃ ስለበዛ ተይዟል፤ ልዩነት ቢኖርም አይንቀሳቀስም፤ ቢንቀሳቀስም በተሳሳተ ቦታ ይቆማል። ፈረስም ይዝጋል። ረኃብ፣ የጀርባ ቁስል፣ ሕመምና ዱላ ያደከሙት ፈረስ ለጡሩምባ አይደነግጥም፤ ጆሮውን እንኳ አያዞርም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ በግልቢያ ትምህርት ቤት ካሉ ፈረሶች መካከል አንገታቸውን ዝቅ አድርገው የሚፈዙት ለንክኪ የሚሰጡት መልስ ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በገበያ እንዲህ ያለውን ፈረስ «የረጋ ነው» ብሎ የሚገዛ ሰው የገዛው ዝገት ነው። ፈረሱ ሲያገግም ጠባዩ ይለወጥበታል፤ ካላገገመም ይሞትበታል።

ሦስተኛው ዝምታ ከሁሉ የተለየ ነው። ጥሩ የወርቅ ሚዛንና ጥሩ ጋልቫኖሜትር የሚሠሩ ሰዎች «ሀ»ን ሳያሳድጉ፣ ዝገትም ሳይጨምሩ ውዝዋዜን የሚያረግብ ነገር ያበጃሉ፤ በአየር ግፊት ወይም በማግኔት። ይህ ማርገቢያ ኃይል የሚሠራው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ይጨምራል፣ እንቅስቃሴው ሲቆም ይጠፋል። በመሆኑም መርፌው የሚያርፍበትን ቦታ አይለውጥም። ስሱነቱ እንዳለ ይቀራል፤ የሚያጥረው የመወዛወዣው ጊዜ ነው። «ከአንዱ የጨመርነውን ያህል ከሌላው እናጣለን» ያልነው ሕግ በዚህ በር ያመልጠናል።

የተገራ ፈረስ ማለት ይህ ነው። ድምፁን ይሰማል፤ ጆሮውን ያዞራል፤ የልቡ ምት ለአፍታ ይጨምራል፤ ከዚያ ተመልሶ ይረጋል። ማርገቢያው የሚሠራው በጅራፍ አይደለም፤ ጅራፍ ቃጭል ነው። የሚሠራው አስፈሪውን ነገር ከሩቅና በጥቂቱ፣ ደጋግሞ፣ ጉዳት ሳይከተለው በማሳየትና በማይንቀጠቀጥ የጋላቢ እጅ ነው። በእንጅባራ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚያከብረው በዓል ላይ፣ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ጩኸት መካከል ተሸልመው የሚጋልቡትን ፈረሶች ያየ ሰው ይህን ይረዳል። እነዚያ ፈረሶች ደንዝዘው አይደለም የሚቆሙት፤ ምልክት ሲሰጣቸው እንደ ቀስት ይወረወራሉ።

ስለዚህ ፈረስ ለሚመርጥ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ «ይደነብራል ወይ?» የሚለው አይደለም፤ «ከደነበረ በኋላ ለመርጋት ስንት ጊዜ ይወስድበታል?» የሚለው ነው። ጨርሶ የማይደነብረውን ጀርባውን፣ ጥርሱንና ዓይኑን ይመርምር፤ ዝገት ሊሆን ይችላልና። ደንብሮ የማይመለሰውን ለልምድ አዋቂ ይተውለት። ደንብሮ ቶሎ የሚመለሰውን ግን ቃኘውም መቻልም በአንድ ቆዳ ውስጥ ናቸውና አይለፈው።

ተማሪዎች ይህን ያለ ምንም መሣሪያ ሊለኩት ይችላሉ። በጋሪ ማቆሚያ ወይም በገበያ ዳር በርቀት ቁሙ፤ እንስሳውን ራሳችሁ አታስደንግጡ፤ መንገዱ ራሱ በቂ ጡሩምባ አለው። ጡሩምባ ሲሰማ የፈረሱ ወይም የአህያው ጆሮ ከዞረበት ቅጽበት አንሥቶ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በሰዓት ያዙ። ለአንዱ እንስሳ 20 ጊዜ መዝግቡና አማካዩን አውጡ፤ ከሌላው ጋር አነጻጽሩ፤ ጠዋት ከለካችሁት ጋር በቀትር የድሬ ፀሐይ ከደከመ በኋላ የለካችሁትን አስተያዩ። ጊዜው ያጠረው ስለ ተገራ ነው ወይስ ስለ ደከመ? በቀትር ጆሮው ጨርሶ መዞሩን ከተወ፣ ያ እንስሳ የሚያስፈልገው ውኃና ጥላ ነው፤ ለባለቤቱም ይህን በአክብሮት መንገር የሙከራው አንድ ክፍል ይሁን።